ብስክሌቷና የሩፋኤል ዝናብ

ነሐሴ 25 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከሥራ መልስ

የብስክሌቴ ሰንሰለት፣ ካቴናዋ፣ ዛሬም ላምባ ውስጥ ተዘፍዝፋለች። ላምባውን ሁለቴ ቀየርሁት፤ አሁንም ቡናማ ትተፋለች። ብስክሌቷን በረንዳው ላይ ገልብጫታለሁ፣ ጎማዎቿ ወደ ሰማይ። ጣልያን ጥሏት ከሄደ ጀምሮ በየዓመቱ ክረምት ሊወጣ ሲል እፈታታለሁ፣ እፍቃታለሁ፣ ግራሶ እቀባታለሁ። በየዓመቱ ዝገቱ ይቀድመኛል። አንተም ደብተሬ ጠርዝህ ሻግቷል፤ የጎንደር ክረምት ማንንም አይምርም።

ዘንድሮ ግን ቀልድ የለም። የእኛ የስልክ መስመር ጠባቂዎች ብስክሌት ከመስቀል በኋላ ይመረመራል ተብሏል። ደህና ብስክሌት ያለው እስከ ኮሶዬ ያለውን መስመር እንደያዘ ይቆያል። የሌለው ከጎንደር ርቆ መካነ ብርሃን ተዛውሮ መጋዘን ይጠብቃል። እኔ ከሄድሁ አባቴን ማን ይዞ ቤ/ክ ያደርሳቸዋል? ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ በየማለዳው የምመራቸው እኔ ነኝ። ሌላ ዘመድ የለንም። ድሮም ሌላ አገር አብረን እንሂድ ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ፤ መሪጌታ ሆነው ዜማ ካስተማሩበት ደጅ ርቀው አይቀበሩም።

ነሐሴ 28፣ ሐሙስ

ቀለሟን በሙሉ ፋቅሁ። ጎማ የለ፣ መቀመጫ የለ፤ አፅሟ ብቻ። ክንዴ ዝሏል። ከቀለሙ ሥር ዝገቱ ቁስል ቁስል አበጅቷል። ጎረቤታችን አያ ደምሌ መጣ፤ በጣልያን ጊዜ ጋራዥ የሠራ ሰው ነው። አንኳኳት፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ላይዋ ሸጋ ነው ውስጧን ለቄስ ብሎ ሳቀ። ቤታችን ያሉት መሪጌታ እንጂ ቄስ አይደሉም አልሁት። ጥቁር ቀለም ጳጉሜን 3 ይሰጠኛል። እስከዚያ ውሃ እንዳይነካት ጓዳ ግድግዳ አስደግፌያታለሁ። ዛሬ ትንሽ ተስፋ ነካ አደረገኝ። አይበጀኝም።

ጳጉሜን 2፣ ሰኞ

አባቴ የጳጉሜን ጾም ይዘዋል። አፅሟን በላምባ ወልውዬ ስጨርስ መጥተው ዳሰሷት። ቅባት ቢያልቅብህ ብለው የጧፍ ቁርጥራጭ አመጡልኝ። ሰም ብረት ይጠብቃል፣ ልክ ናቸው። ምን ቀራት አሉኝ። ተራቁታለች፣ ነገ ቀለም ትለብሳለች አልኋቸው። ነገ ሩፋኤል ነው አሉ፣ ደስ ብሏቸው። አዎ አልሁ፤ ወሬውም በዚያው አበቃ።

ጳጉሜን 3፣ ቀን 9 ሰዓት

ቀለሙን ይዤ ስመለስ ዝናቡ ግቢውን አጥቦታል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ራቁቱን ይዘላል፤ የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፣ እኔም በልጅነቴ ዘልያለሁ። አባቴ ግቢው መሃል ቆመዋል፣ ጥምጥማቸውን አውልቀው። አጠገባቸው የብስክሌቷ አፅም። ግድግዳ እየዳበሱ ከጓዳ አውጥተዋታል። ከጢማቸው ውሃ ይወርዳል፣ ፊታቸው በርቷል። “እኛ ስንጠመቅ እሷ ቤት ትቅር? ኮሶዬ ድረስ ልጄን የምትሸከምልኝ እሷ” አሉኝ።

ሸጋ አደረጉ አልሁ። አስገብቼ አበስኋት፣ እሳት ዳር አቆምኋት። አብሼ ሳልጨርስ ብርቱካን መስላለች። ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ እንጃ።

ጳጉሜን 5፣ ሐሙስ

እንደገና ፋቅሁ። የሩፋኤሉ ዝገት ላይ ላዩን ነበር፣ ለቀቀ። ደስታዬ ግማሽ ቀን አልቆየም። ፔዳሉ ጋ፣ ቱቦዎቹ ከሚገናኙበት ሥር፣ የብርጭቆ ወረቀቱ ከጣቴ ጋር ወደ ውስጥ ገባ። ቀዳዳ። ነቀነቅኋት፤ ቀይ ዱቄት ፈሰሰ። ይኸ የአንድ ቀን ዝናብ ሥራ አይደለም። ውሃው በመቀመጫው በኩል እየገባ ስንት ክረምት ታች ተኝቷል። እኔ ላይዋን ሳሳምር።

መስከረም 1 ቀን 1946፣ ዓርብ

አዲስ ዓመት። ዓርብ ስለሆነ በጾም ገባ፤ ለእኔ የሚስማማ አገባብ ነው። አያ ደምሌ ቀዳዳውን ሲያይ እንኳን አደረሰህ ማለቱንም ረሳ። ዙሪያው ወረቀት ሆኗል፣ ብየዳ አይይዝም አለ። ኮሶዬ ቁልቁለት ላይ ለሁለት ትከፈላለች፣ አንተም ከገደል ትለቀማለህ አለኝ። ሌላ አፅም ጎንደር ውስጥ አይገኝም። አስመራ ቢታዘዝ ለፋሲካ ነው የሚደርስ። እንግዲህ ብስክሌት ለሚመረምረው ሹም እውነቱን እነግራለሁ። መካነ ብርሃን። ለአባቴ እንዴት ብዬ እንደምነግር አላውቅም።

መስከረም 2

ጣታቸው ቀድሞኝ ነገራቸው። ከገበያ ስመለስ ጓዳ ተቀምጠው ቀዳዳውን ይዳስሳሉ። “እኔ ነኝ የበላኋት” አሉ። የቆየ ነው፣ ከውስጥ የመጣ ነው፣ የጎዳት የሩፋኤል ዝናብ አይደለም ብዬ ማልሁ። አያ ደምሌን ጠርቼ አስመሰከርሁ። አላመኑኝም። ልጄ ለእኔ አዝኖ ይዋሻል ብለው ነው። እውነት ተናግሬ እንዲህ ሳልታመን ቀርቼ አላውቅም። ብስክሌት ባይኖርህስ የት ይሰዱሃል አሉ። ነገርኋቸው። መቋሚያቸውን ይዘው ወደ መደባቸው ሄዱ።

መስከረም 4፣ ማለዳ

ስነቃ መደባቸው ባዶ ነው። መቋሚያቸውም የለ። ሮጬ ወጣሁ። ብቻቸውን ወደ ደብሩ ይሄዳሉ፣ በመቋሚያው መሬቱን እየነኩ። ገባኝ። ያለ እኔ መሄድ እየተለማመዱ ነው፣ አስረው እንዳያስቀሩኝ። አልጠራኋቸውም፤ ከኋላ ተከተልሁ። ቦዩን በደህና ተሻገሩ። ከዚያ ወደ ቀኝ መታጠፍ ሲገባቸው ቀጥ ብለው ሄዱ። ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጋ ደረሱ። ተማተቡ። ግድግዳውን ተሳለሙ፣ ግንባራቸውን አስደግፈው ጸለዩ፣ ረጅም ጸሎት። ወፍጮው ገና አልተነሣም፤ የሚነግራቸው ድምፅ አልነበረም።

ሲጨርሱ ገና የደረስሁ መስዬ እጃቸውን ያዝሁ። “አየህ፣ ብቻዬን ደረስሁ” አሉኝ። ግንባራቸው ላይ ዱቄት ነበረ። በጋቢዬ ጠረግሁላቸው።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ወሰንሁ። ጧፋቸውን አቅልጬ ቀዳዳውን ደፈንሁ። በላዩ ጥቁሩን ቀለም ቀባሁ፤ ታበራለች። ሹሙ ላይዋን ነው የሚያይ። ለአያ ደምሌ አልነግርም። አባቴ ደረቀ ወይ ብለው ከመደባቸው ይጠይቁኛል፤ ሸጋ ነው እላለሁ። ነገ ማለዳ የምመራቸው እኔው ነኝ። ከመስቀል በኋላም እኔው። ወደ ኮሶዬ ዳገቱን በእግሬ እገፋታለሁ። ስመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ግን ሰሙ ይይዝ እንደሆነ እንጃ።