ፊቱን አላይም

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 19

ነፋስ። ከጠዋት ጀምሮ የፖስታ ብስክሌቱ ወደ ኋላ ይጎትተኛል። ስድስት እሽግ፣ አንድ የጫማ ካርቶን (ለመምህሯ፤ ማክሰኞ ትመልሰዋለች)፣ የቀረው ማስታወቂያ። የሰው ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ጠፋ... ከተጻፈም የቀብር ነው።

የሃርም ቤት የመንገዴ መጨረሻ ነው። እንደ ሁልጊዜው መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። እንደ ሁልጊዜው ሳጥኑ ውስጥ ወርውሬለት፣ ሰላም ሳልለው ሄድኩ። ስድስት ዓመት ሆነው። ሌላው ሰው ረስቶታል። እኔ አልረሳሁም። በእሳት አደጋ ቡድኑ በዓል ላይ፣ መንደሩ በሙሉ ባለበት፣ "ጠንቋይዋ መጣች፣ ቢራችሁን ክደኑ!" ብሎ ጮኸብኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባሌም ሳቀ። ባሌን ፈታሁት። ሃርምን ምን ላድርገው? ቤቱ መንገዴ ላይ ነው።

ከነገ ወዲያ የማኅበራችን፣ የድሮዎቹን አማልክት የምናመልከው የዘጠኛችን፣ የመከር በዓል ነው። ዳቦው የእኔ፣ ጠጁ የዮርን። አምና የጠመቀው ጠጅ ኮምጣጤ ነበር። አማልክቱም ፊታቸውን ሳያጨማድዱ አልቀሩም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 22

ትናንት በመሪያችን በቪብከ ማሳ ላይ፣ ከባሉጡ ዛፍ ሥር። ዘጠኛችንም ነበርን። የመጨረሻውን እፍኝ እህል ለአምላካችን ለዎዳን ፈረስ ሳናጭድ ተውነው። ቢራውን ለመሬቱ አፈሰስን። ከዚያ የመጠጫው ቀንድ ጠጅ ተሞልቶ ዞረ። በመጀመሪያው ዙር ለአማልክት ይጠጣል፣ በሁለተኛው ለሞቱት። በሦስተኛው መማል የፈለገ ይምላል።

ሃውከ ተነሳ። የሃርም ልጅ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ አናጺ። ሴት ልጁ ፌንያ አምስት ወሯ ነው። ሃርም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ ስሟ በወጣላት ቀን አልመጣም። "ያልተጠመቀች ልጅ፣ የአረመኔ ስም... እኔ በዚያ ስም አልጠራትም" ብሎ ላከበት። ይኸው ሃውከ እጁን የመሐላው ቀለበት ላይ አደረገና፦

"አባቴ ልጄን በስሟ እስኪጠራት ድረስ፣ ፊቱን አላይም።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የማኅበሩ ጠያቂ እኔ ነኛ! ሥራዬ ይቺው ናት፤ ሰው ሲምል፣ ከቀንዱ ሳይጠጣ በፊት መሐላውን መፈተን። ብትታመምስ? ብትጸጸትስ? የማይቻልበት ቀን ቢመጣስ? ምክንያቱም ቀንዱ ላይ የተባለ ቃል የተናጋሪው ብቻ አይደለም። ዓለምን ከሚሸከመው ታላቅ ዛፍ ሥር ወዳለው ምንጭ ይወድቃል፣ ሥሩ መልሶ ይጠጣዋል፣ የሁላችንም ዕድል በእሱ ይለመልማል ወይም ይደርቃል። እንዲህ እንላለን። እንዲህም ለመኖር እንሞክራለን።

አንድም ነገር አልጠየቅኩም። ራሴን ነቀነቅኩለት። ጠጣ።

ለምን? ብርድ ስለነበር? አይ... ደክሞኛል፣ ሌላ ቀን አስብበታለሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ሃርም ደጅ አምቡላንስ። ጎተራው ውስጥ ወድቆ አገኙት። ስትሮክ ነው አሉ። ደብዳቤውን እንደያዝኩ ሳጥኑ ጋ ቆሜ ቀረሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 18

ሃውከ ሆስፒታሉ ድረስ ነድቶ ሄዶ ነበር። መኪናው ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ተመለሰ። አልገባም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ሃርም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆኗል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ዳኑታ የምትባል ፖላንዳዊት አስታማሚ አብራው ትኖራለች። የመድኃኒት እሽግ ላስፈርማት ነው በሩን ያንኳኳሁት።

"መናገር አይችሉም፣ መጻፍም አይችሉም" አለችኝ። "አንድ ቃል ብቻ ተርፋቸዋለች።"

"ምን?"

ወደ ውስጥ ዞራ "አቶ ሃርም፣ ደህና ነዎት?" አለችው።

"እንዴታ!" አለ ከውስጥ።

"ሾርባው ቀዝቅዟል?"

"እንዴታ!"

ሳቀች። እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ የሃውከ መሐላ ትዝ አለኝ። "በስሟ እስኪጠራት ድረስ..."

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7

ዛሬ ያየሁትን ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሃውከ አባቱ ግቢ ውስጥ እንጨት ይፈልጣል። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ። ሃርም መስኮቱ ላይ ነው፣ ደህናው እጁ መስታወቱ ላይ። የልጁን ጀርባ ያያል። ሃውከ ፍልጡን ለመደርደር ሲሄድ እንኳ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እየተራመደ ነው፣ ዓይኑ እንዳያርፍበት። በየቀኑ ከሥራ በኋላ ይመጣል አለችኝ ዳኑታ። ሾርባ በር ላይ ያስቀምጣል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ይሄዳል።

"የእናንተ ሃይማኖት ነው እንዲህ የሚያዘው?"

"ማንም አላዘዘውም። ራሱ ነው የማለው።"

"ታዲያ ይቅርበታ! እኔ ካቶሊክ ነኝ። ሄጄ እናዘዛለሁ፣ ይቀለኛል። እናንተስ?"

"እኛ ዘንድ ንስሐ የለም። ካሳ ነው ያለው። ምን እንዳመንክ የሚጠይቅህ የለም፤ ምን እንዳደረግክ ነው።"

"ታዲያ ይካስና ይግባ፣ ወይዘሮ ጌሸ! ሐኪሙ ምን እንዳለ ያውቃሉ? ሁለተኛ ስትሮክ ከመጣ አይተርፉም። እስከ ገና መድረሳቸውንም እንጃ።"

እስከ ገና... ስድስት ሳምንት ከምናምን።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9

ቪብከ ወጥ ቤት። ጎመን በቋሊማ። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አዋላጅ ነበረች። ሃውከንም ያዋለደችው እሷ ናት። ዮርን ሳይጠራ መጥቶ ሁለተኛ ሳህን ላይ ነው።

"ቀላል እኮ ነው!" አለ አፉ እንደሞላ። "ሽማግሌው ለሁሉም ነገር እንዴታ ይላል አይደል? 'የልጅቷ ስም ፌንያ ነው?' በሉት። እንዴታ! አለቀ፣ መሐላው ተፈጸመ።"

"ጨረቃ ከአይብ ነው የተሠራችው ብትለውም እንዴታ ነው የሚልህ" አልኩት።

"ማን ያውቅብናል?"

"እኛ" አለች ቪብከ። ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አማልክቱን ማታለል ትችል ይሆናል። እነሱም አንዳንዴ ያታልላሉ። ራስህን አታልለህ የት ትኖራለህ?"

ዮርን ተቆጣ። "እንግዲያው መሐላው ይጽና! የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!"

"የወለዱት ነው የሚለው። የወለደህ ይጥፋ አይልም" አልኩት። ሳህኑን ገፋ። ዮርን ምግብ ሲተው ማየት ብርቅ ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ ሳህን እያጠብን ቪብከ ቀና ብላ ሳታየኝ ጠየቀችኝ። "ያን ቀን ምን ብለሽ ጠየቅሽው?"

"ምንም።"

"ለምን?"

አልመለስኩላትም። እዚህ ልመልሰው፣ ለራሴ። ደስ ስላለኝ ነው! ያ ሰውዬ በገዛ ልጁ ሲቀጣ ማየት ደስ አለኝ። ሃውከ አፉን ሲከፍት መሐላው ጎደሎ መሆኑ ገብቶኝ ነበር። "ባይችልስ?" የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ማር ማር አለኝ።

ጠያቂው ያልፈተነው መሐላ እኩሌታው የጠያቂው ነው። ሕጋችን ነው። ሰው ሲገባ ይህን የማስተምረው እኔው ነኝ... አይ አስተማሪ!

እሑድ፣ ኖቬምበር 10

ሃውከ ጋ ሄድኩ። አልጋ እየሠራላት ነበር፣ ለፌንያ። ተቀመጪ አለኝ፣ ቆሜ ነው የምናገረው አልኩት። ብቀመጥ ወኔዬ ይከዳኛል።

"ያን ቀን 'ባይችልስ?' ብዬ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር። ዝም ያልኩት አባትህ ሲዋረድ ለማየት ስለጓጓሁ ነው።"

መላጊያውን አስቀመጠ።

"ጠይቀሽኝ ቢሆን ኖሮ..."

"ምን ትል ነበር?"

"እንጃ። ቀንዱን አስቀምጬ ነገ ልማል እል ነበር ይሆናል። እልኸኛ ነኝ እንጂ ደደብ አይደለሁም፣ ጌሸ!" ፊቱ ቀላ። "የራስሽን ቂም በእኔ አፍ አስማልሽው!"

"አዎ።"

"አዎ ትላለች ደግሞ! በየቀኑ ጀርባዬን እያየኝ... ታውቂያለሽ? መስታወቱን ይደበድባል። እሰማዋለሁ።"

"ቅዳሜ ማኅበሩን እጠራለሁ። መሐላውን በአደባባይ እናፍርሰው። ካሳውን ሁለታችንም እንክፈል።"

"መሐላ ያፈረሰ ሰው እባላለሁ።"

"ትባላለህ። እኔም ያስፈረሰችው እባላለሁ።"

"ውጪልኝ።"

ወጣሁ። ብስክሌቴን ሳነሳ በመስኮት "ቅዳሜ ስንት ሰዓት?" አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ደብዳቤውን ሳጥን ውስጥ አልከተትኩም። ደወሉን ደወልኩ፣ ገባሁ፣ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

"እንደምን አደርክ፣ ሃርም።"

"እንዴታ።" አፉ ወደ ግራ ተጣሟል።

"ልጅህ ፊትህን የማያየው በእኔም ጥፋት ነው። ላስተካክለው ነው። አንተንም ገና ይቅር አላልኩህም፣ እንድታውቀው ያህል።"

አየኝ። በዓይኑ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ፣ ያ ሰውዬ እንዳለ ነው። ደህናው እጁ ደብዳቤውን ይጨብጣል፣ ይለቃል፣ ይጨብጣል። "እንዴታ" አለ፣ ቀስ ብሎ። አፈርኩ። ከእሱ ይበልጥ በራሴ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 13

ከማኅበሩ ሁለቱ ቅዳሜ አንመጣም አሉ። ቤታቸው ሄድኩ። ይመጣሉ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16

ቪብከ ጎተራ፣ እኩለ ቀን። ዘጠኛችንም፣ በክብ። ጠያቂዋ እኔ ስሆን ተከሳሿም እኔ ነኝ። ስለዚህ ቪብከ ጠየቀች። ሁሉንም ተናገርኩ፤ የቢራውን፣ የሳቁን፣ የዋጥኩትን ጥያቄ። ማንም አላጽናናኝም። እንዲያጽናኑኝም አልፈለግኩም።

ዮርን፦ "አንዱን መሐላ ካፈረስን ነገ ሁሉም ያፈርሳል!"

"ሁሉም እንደነሱ በአደባባይ ቆሞ ዋጋውን ከከፈለ ያፍርስ" አለች ቪብከ። "እኔ የምፈራው በድብቅ የሚያፈርሰውን ነው። አባት ሕያው እያለ ጀርባ የሚሰጥ ልጅ፣ በሁለተኛው ዙር ለሞቱት ሲጠጣ ምን ብሎ ይጠጣል? ቆመው እያሉ ንቀናቸው፣ ሲሞቱ ልናከብራቸው?"

ሃውከ እጁን ቀለበቱ ላይ አደረገ። "ያልኩትን አላደርገውም። አፈርሰዋለሁ። ስሜ ይጉደፍ።" ካሳውን ራሱ መረጠ፤ ከአያቱ የወረሰውን መሮ ለአማልክቱ መባ አድርጎ ለረግረጉ ሰጠ። ሁላችንም አብረነው ሄድን። ያንን መሮ እንኳን ሊሰጥ ለማንም አያውሰውም ነበር። ወረወረው። ውሃው ዋጠው። አንድ ዓመት ቀንዱን አይነካም።

ከዚያ እኔ።

"ከሁሉ የምትጠዪው ነገር ምንድነው?" አለችኝ ቪብከ።

"መንደሩ በሙሉ እያየኝ፣ የሃርምን ወንበር እየገፋሁ ቤተ ክርስቲያን መግባት!" አልኩ፣ ለቀልድ።

ማንም አልሳቀም።

"ተገኘ" አለች። "ከወደቀ ወዲህ የሚወስደው አጥቶ ቀርቷል። በየሳምንቱ እሑድ፣ ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን። እሱ ለአምላኩ የገባው ቃል አለው። የሰውን ቃል ስላፈረስሽ የሰውን ቃል ትጠብቂያለሽ።"

እሺ አልኩ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 17

ዘነበ። አራት ሰዓት ላይ ደረስን። ወንበሩ ከባድ ነው፣ ኮረኮንቹ ደግሞ የሰይጣን ሥራ ነው (የእነሱ ሰይጣን፣ እኛ ሰይጣን የለንም)። በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ መንገድ ለቀቁልን። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አፏን ከፈተች። ራሴን ቀና አድርጌ ገፋሁት፣ እስከ ፊተኛው ወንበር። አልጸለይኩም፣ አልዘመርኩም። ባርኔጣውን ይዤለት ተቀመጥኩ። ሃርም አለቀሰ፣ መሃረቤን ሰጠሁት። ሃምሳ ሁለት እሑድ ይቀረኛል፣ እችለዋለሁ።

ቤት ስንመለስ ሃውከ ግቢው ውስጥ ነበር። ፌንያን ደረቱ ላይ አቅፏታል። መጥረቢያ አልያዘም። ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፣ ከልማድ መሰለኝ።

"ቅደሙ፣ ግቡ" አለ።

የሃርምን ወንበር መስኮቱ ጋ አቆምኩት። በሩ ተከፈተ፣ እርምጃው ተሰማ። ሃርም ሰማው። ደህናውን እጁን አነሳና... ፊቱን ሸፈነ። በመዳፉ፣ ጥብቅ አድርጎ። የተጣመመውን አፉን እንዳያይበት ይሁን፣ ወይ መሐላውን ሊጠብቅለት፣ እኔ አላውቅም።

ሃውከ ተንበረከከ። "አባዬ፣ እጅህን አውርድ።"

አላወረደም።

"አባዬ... ፊትህን ላየው ነው የመጣሁት።"

እኔ ወደ ወጥ ቤት ልሄድ ነበር፣ ቀረሁ። ሃውከ አልጎተተውም። ጠበቀ። በመጨረሻ ጣቶቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ልጅ አባቱን አየ፣ አባት ልጁን። ፌንያ ከሃውከ ደረት ላይ ተንጠራርታ የሽማግሌውን አፍንጫ ያዘች። ሃርም ከንፈሩን ሰበሰበ፣ ግንባሩ በላብ ራሰ። "ፍ..." አለ። እንደገና "ፍ..." ከዚያ "እንዴታ"። የወንበሩን ክንድ በቡጢ መታው።

"ተወው" አለ ሃውከ። "ፌንያ ትባላለች። እኔ እልልሃለሁ፣ አንተ ያዛት።"

ጭኑ ላይ አስቀመጠለት፣ በደህናው እጁ በኩል።