እጃቸውን እንዳነሱ ስለቆዩት ሠላሳ አራት መራጮች

ጅማ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ዳባ ነጋሳ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? አምና ሱሪዎን ስለካዎ የነገሩኝ የወገብ ሕመም ተሽሎዎት እንደሆነ አላህን አመሰግናለሁ። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ከበርዎ የማይጠፉት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ሁሉ ደኅና እንዲሆኑ ምኞቴ ነው። እኔ፣ ከገበያው በላይ ባለችው ባለ አንድ በር ሱቅ ልብስ የምሰፋው ሸኩር አባቦራ፣ ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ።

ብዕር ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሲሆን፣ እርስዎ የፈረሙበት የምስክር ወረቀት ከስፌት መኪናዬ በላይ ተሰቅሏል። ያን ቀን ሲሸልሙኝ ከእንግዲህ ብሶትህን በገዛ እጅህ ትጽፋለህ ብለውኝ ነበርና እነሆ ቃልዎን አከበርኩ። የፊደል ግድፈት ቢያገኙ ግን ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። እስካለፈው ወር ድረስ ጽሑፌን የሚያርምልኝ የኮሌጁ ተማሪ ጎሳዬ ነበር፤ እርሱ ዛሬ የት እንዳለ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

አቤቱታዬን፣ ወይም ምስጋናዬን፣ በተራ በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ/ የቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ዳኛ በሞት ሲለዩን፣ በቦታቸው ሰው ለመተካት የማሟያ ምርጫ በመጥራትዎ እናመሰግናለን። ወሩ ኅዳር ነበር። በኅዳር፣ እግር ያለው የቀበሌያችን ሰው ሁሉ ወደ ማና እና ወደ ጎማ ገጠር ለቡና ለቀማ ስለሚወርድ ምልዓተ ጉባኤው ሊሞላ አልቻለም። ሌላ ሊቀመንበር ቢሆን ለቃሚው እስኪመለስ ይጠብቅ ነበር። እርስዎ ግን በመንደራችን ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ሠላሳ አራት ተማሪዎች በሁለት ቀን ውስጥ የቀበሌው ነዋሪ አድርገው መዘገቧቸው። መታወቂያ ፍለጋ ዓመት ሙሉ የተመላለሱ ልጆች፣ ሳይጠይቁ መታወቂያቸው ቤታቸው ድረስ መጣላቸው። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ነበር።

2ኛ/ የልጆቹን አለማወቅ ይቅር እንዲሉ እለምናለሁ። እሑድ ኅዳር 23 ቀን በአዳራሹ ተሰብስበን፣ የባለቤትዎ ወንድም ጓድ ደሬሳ ከተጠቆሙ በኋላ፣ እርስዎ እንደ ልማድዎ ሌላ ጥቆማ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። እኛ የከተማው ሰዎች ይህ ጥያቄ እንዳልሆነና ከጭብጨባ በፊት የሚባል ነገር እንደሆነ ከልጅ እስከ አዋቂ እናውቃለን። ተማሪዎቹ ግን ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ፣ የተጠየቀ ሰው ይመልሳል ተብለው ያደጉ ናቸው። ስለዚህ ጎሳዬ ተነስቶ የእኔን ስም ጠራ። ምክንያቱንም ሲጠየቅ፣ እኚህ ሰው ጨርቅ ሲተርፋቸው ለባለቤቱ ይመልሳሉ አለ። ባለቤቴ ለጢፋ ክንዴን ይዛ «ማሎ ሸኩር፣ እንዳትነሳ!» ስትለኝ አልተነሳሁም፤ እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ጓድ ደሬሳ አሥራ ዘጠኝ እጅ አገኙ። ለእኔ ሠላሳ አራቱ ተማሪዎችና ሰባት ጎረቤቶቼ እጃቸውን አነሱ።

3ኛ/ ቆጠራው እንዳለቀ፣ ተማሪዎቹን ስማችሁ በክብር መዝገብ እስኪገባ ድረስ እጃችሁን እንዳታወርዱ ማለትዎን መቼም አልረሳውም። ጸሐፊዎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳይቸኩሉ፣ የእያንዳንዱን ስም ከነአባቱ ከነትውልድ አገሩ ሲጽፉ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። አንዳንዶቹ ደክሟቸው የቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደገፉት። መጀመሪያ ላይ ይሣሣቁ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ግን በአዳራሹ ውስጥ ከብዕሩ በስተቀር የሚሰማ አልነበረም። ጎሳዬ የለበሰው ሰማያዊ ልባሽ ኮት እጅጌው አጭር ስለነበር እስከ ክርኑ ተንሸራቶ ወረደ። ልብስ ሰፊ ነኝና፣ ያን ሁሉ ነገር ትቼ የማየው እጅጌውን ነበር። ስንወጣ፣ ማክሰኞ አምጣውና ላስረዝምልህ፣ ዋጋ አልጠይቅህም አልኩት።

4ኛ/ ረቡዕ ዕለት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ተማሪዎቹ የቀበሌው ነዋሪዎች ስላልሆኑ ምርጫው ፈርሷል የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ለምልዓተ ጉባኤው ነዋሪ፣ ለቆጠራው እንግዳ መሆናቸው ትንሽ ግር ቢለኝም፣ የተማሩ ሰዎች ሥራ ነው ብዬ ተውኩት። እንዲያውም ከልቤ ደስ አለኝ፤ ዳኝነቱም ቀረ፣ ሰላም ሆነ ብዬ ቤቴ ገብቼ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

5ኛ/ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ጎሳዬ ኮቱን ሊወስድ መጣ። ተመሳሳይ ጨርቅ ስላጣሁ ከአሮጌ ሱሪ በተረፈ ቡኒ ካኪ አራት ጣት ቀጥዬለት ነበር። ለብሶ እጁን ወደ ላይ አነሳና እጅጌው እንዳልተንሸራተተ አይቶ ሣቀ። ከዚያ ሁለት የጥበቃ ጓዶችዎ በር ላይ ቆመው ለጥቂት ጥያቄ ትፈለጋለህ አሉት። «አባ ሸኩር፣ ደብተሬን ያዙልኝ፤ መጣሁ» ብሎኝ ወጣ። ደብተሩ ከስፌት መኪናዬ ጎን እስካሁን አለ። ጥያቄው ጥቂት ነበር የተባለው፤ ዛሬ ሃያ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የቀሩት ሠላሳ ሦስቱ ትምህርታቸውን ቢቀጥሉም፣ ወደ ሱቄ ሲመጡ ተራ በተራ ነው፤ መምህር ሲጠይቃቸው እንኳ እጃቸውን አያነሱም ይባላል።

6ኛ/ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ጠይቄ፣ ሦስቱንም ጊዜ ተቀምጠው በትሕትና ስላነጋገሩኝ ከፍ ያለ ምስጋና አቀርባለሁ። መልስዎም ያው አንድ ነበር፤ እንዲህ የሚባል ሰው ቀበሌው አያውቅም።

እንግዲህ የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ አዲስ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ያስረዱኝ። ጎሳዬ የቀበሌያችን ነዋሪ ካልሆነ፣ የቀበሌው ጥበቃ የሌላ ሰው ልጅ ከሱቄ በር ላይ ይዞ የሄደው በምን ሥልጣን ነው? ነዋሪ ነው ከተባለ ደግሞ ድምፁ ድምፅ ነው፤ እኔም እወድም አልወድም በአርባ አንድ እጅ የተመረጥኩ የፍርድ ሸንጎ ዳኛ ነኝ፣ የመጀመሪያው ጉዳዬም የእርሱ ነው። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ። በእኔ በኩል ሌላ ጥቆማ የለም።

ነገሩን ያቻኮልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እናቱ ወይዘሮ ሙሉእመቤት የልጇ ደብዳቤ ቢቋረጥባት ጊዜ ከመርሐቤቴ ተነስታ ነገ ቅዳሜ ከአዲስ አበባው አውቶቡስ ትወርዳለች። የምታውቀው አድራሻ የልጇ ደብዳቤ የሚመጣበትን የእኔን ሱቅ ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ቀን ስፈራ ኖሬያለሁ፤ እንደዚች ሴትዮ መምጣት ግን ያስፈራኝ የለም። ለጢፋ መደብ አንጥፋላታለች። ምን እንደምላት ግን አላውቅም፤ ጌታዬ፣ አላውቅም።

በእጄ የነበረውን የደንበኞቼን ልብስ ሁሉ ሰፍቼ ትናንት ለየባለቤቱ መልሻለሁ። እኔም ለጥቂት ጥያቄ ብፈለግ ማንም ሰው ሱሪው እንዳይቀርበት ነው።

ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ማኅተምዎ አይድረቅ፤ ለመዝገብዎ ስም፣ ለጸሐፊዎ ብዕር አይጥፋ እያልኩ፣ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ሁለት እጄን ከፍ አድርጌ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

አክባሪዎ
ሸኩር አባቦራ
ልብስ ሰፊ፣ ያልተሾመ ዳኛ

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከረቡዑ ማስታወቂያ ጎን
ከቡና ለቀማ ለሚመለሱ ነዋሪዎች
ለተማሪ ጎሳዬ፣ ባለበት

ተጨማሪ፦ ይህን ፈርሜ ልነሳ ስል ከጥበቃ ጓዶችዎ አንዱ መጣ። ለእርሱ እጅጌው የረዘመበትን ኮት አራት ጣት እንዳሳጥርለት አዘዘኝ። ከየት አገኘኸው ብዬ ብጠይቀው፣ ጓድ ሊቀመንበሩ ናቸው የሰጡኝ አለ። ኮቱ ሰማያዊ ነው፤ ጫፉ ላይ አራት ጣት ቡኒ ካኪ ተቀጥሎበታል፣ ስፌቱም የእኔ ነው። ቀበሌው የማያውቀው ሰው ኮት ከቀበሌው ጥበቃ ትከሻ ላይ ምን እንደሚሠራ ነገ ለእናቱ እርስዎ ያስረዷታል። እጅጌውን አላሳጠርኩትም፤ ለባለቤቱ ልኩ ነው።