ቤት ቆጣሪው መምህር ክንዴ አድማሴ

መምህር ክንዴ አድማሴ ከአባታቸው ከአቶ አድማሴ ወርቅነህና ከእናታቸው ከወ/ሮ ደብሬ ተሰማ በፎገራ ወረዳ በርብ ወንዝ ዳር በጥቅምት ወር 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የክረምቱ ውኃ ገና ከሜዳው ስላልሸሸ አዋላጇን በታንኳ እንዳመጧት እናታቸው ይናገሩ ነበር።

በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በወረታ ጀምረው ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ታቦር አጠናቀቁ። በመምህርነት ሠልጥነው ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በተለያዩ ወረዳዎች አስተማሩ። በ1978 ዓ.ም. ወደ ወረታ ተዛውረው ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2006 ዓ.ም. የታሪክ መምህር ሆነው አገልግለዋል።

የነገሥታቱን ስም እየደረደረ የአያቱን እናት ስም የማያውቅ ተማሪ ያናድዳቸው ነበር። በየዓመቱ መስከረም ላይ ተማሪዎቻቸው ዘራቸውን ከቤተሰብ ጠይቀው እንዲመጡ ያዝዙ ነበር። አብዛኛው ተማሪ እንደ አገሩ ልማድ አባት ከአባት እየቆጠረ ሴቶቹን ዘሎ ይመጣል። መምህር ክንዴ ለዚህ ግማሽ ማርክ ብቻ ይሰጡ ነበር። ዛሬ በዚህ ልቅሶ ላይ ከተገኛችሁት መካከል ያን ግማሽ ማርክ ያልረሳችሁት ብዙ ናችሁ።

በ1974 ዓ.ም. ከወ/ሮ ጥሩብርሃን መኮንን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ መሥርተው ምኞትንና ሰብለወንጌልን ወልደዋል። ለልጆቻቸው ቸር፣ ለነገር ግን ግትር አባት ነበሩ።

በጥቅምት 2004 ዓ.ም. ርብ ሞልቶ ሲመለስ የቀድሞ መሄጃውን ለውጦ ነበር። ወንዙን ድንበር አድርገው የኖሩት የሁለቱ ዳርቻ ሰዎች ወንዙ በተወው የግጦሽ መሬት ተጣሉ። በዚህ ጠብ የመምህር ክንዴ ታናሽ ወንድም አቶ ንብረት አድማሴ፣ ከወንዙ ማዶ ከሚኖሩት ከአቶ ባየህ ቤተሰብ በሆነው በፈድሉ ጥይት ተመትተው ሞቱ። ፈድሉ ተፈርዶበት ታሰረ። በአገራችን ግን ገዳይ ታሰረ ማለት ደም ደረቀ ማለት አይደለም። የአቶ ንብረት ልጅ አያልነህ መሣሪያ ገዝቶ ፈድሉ የሚፈታበትን ቀን ይጠብቅ ጀመር። ቤተሰቡም ይህን እያወቀ ዝም አለ።

በ2012 ዓ.ም. ፈድሉ በአመክሮ ሊፈታ ሲቃረብ ሽማግሌዎችና ካህናት ለዕርቅ ተነሡ። በዚያው ሰሞን አንድ ነገር ተሰማ። በሐሙሲት በጤና ሙያ ትሠራ የነበረችው የመምህር ክንዴ ልጅ ሰብለወንጌል፣ እዚያው የግብርና ባለሙያ ከሆነው ከየኔነህ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ በድብቅ ይዋደዱ ኖሯል። የኔነህ የፈድሉ የአጎት ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አጣ። ሁለቱ ቤቶች ከተጋቡ ማን በማን ላይ ይተኩሳል? ዘር ተቆጠረ፤ እስከ ሰባት ቤት አይገናኙም ተባለ፤ ዕርቁም የጋብቻው ቃል ኪዳንም በአንድ ቀን እንዲሆን ተወሰነ።

መምህር ክንዴ ግን ቆጠራው በአባት በኩል ብቻ መሆኑን አስተውለው የአቶ ባየህን አክስት እማሆይ አሰፋሽን ሊጠይቁ ወንዙን ተሻገሩ። የራሳቸውን ዘር ሴቶቹን ጨምረው እየቆጠሩ ታይቱ ላይ ሲደርሱ እማሆይ፣ “ታይቱማ የእኛም እናት ናት። በክፉ ቀን ባሏ በረሃብ ሲሞት ልጇን ለአማቷ ትታ ተሻግራ እኛ ዘንድ አገባች። እዚህም ወንድ ልጅ ወለደች፤ እኛ የሱ ዘር ነን” አሏቸው። ታይቱ ማለት የመምህር ክንዴ የቅድመ አያታቸው እናት ናት። ሰብለወንጌልና የኔነህ በአምስተኛው ቤት ይገናኛሉ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓትም ሊጋቡ አይችሉም።

እማሆይን ሌላ ማንም አልጠየቃቸውም፤ መምህር ክንዴ ዝም ቢሉ ሠርጉም ዕርቁም ይቀጥሉ ነበር። ቢናገሩ የልጃቸው ትዳር ይፈርሳል፤ በሠርጉ ላይ የቆመው ዕርቅም አብሮ ሊወድቅ ይችላል። አስቀድመው ለልጃቸው ነገሯት፤ ሩዝ በሚወቃበት አውድማ ዳር ቆመው ነበር። “አባዬ፣ ማን ያውቃል? እባክዎ ይተዉት” ብላ አለቀሰች። “እኔ አወቅሁ፤ አሁን ደግሞ አንቺም አወቅሽ። እንዴት አድርገሽ ትኖሪዋለሽ?” አሏት። ጨካኝ ናቸው ብላ ጥላቸው ሄደች።

በዕርቁ ቀን ታኅሣሥ ላይ ከእስር የተፈታው ፈድሉ እንደ ወጉ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ቀረበ። መምህር ክንዴ ተነሥተው የሁለቱን ቤት ዘር ሴቶቹን ጨምረው ቆጠሩና ታይቱ ላይ አገናኙት። “ልጄን አልድርም፤ ወንድሟ ነው። ንብረትን የገደለውም ወንድሙ ነው” አሉ። ጉባኤው ተንጫጫ። አንዳንዱ ዕርቁን ሊያፈርሱ ነው ብሎ ጮኸባቸው። አቶ ባየህ እማሆይ አሰፋሽን በበቅሎ አስመጧቸው፤ እሳቸውም የተናገሩትን ደገሙ። አያልነህ ተነሣና፣ “እንዲያ ከሆነ የማንን ደም ከማን ልመልስ ነው?” አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሽማግሌዎቹም አላሰቡትም። ዘመድ የዘመዱን ሞት ዘግይቶ ቢሰማም ልቅሶ መድረስ አለበትና፣ የአቶ ባየህ ቤት ወንዱም ሴቱም ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ የገዛ ልጁ ለገደላቸው ለአቶ ንብረት አለቀሰ። ፈድሉ ድንጋዩን አውርዶ “ወንድሜን” እያለ ደረቱን ደቃ። አያልነህ ከመሬት አነሣው። መሣሪያውን በማግሥቱ ሸጦ በሬ ገዛ።

ሰብለወንጌል ግን አንድ ዓመት ሙሉ አባቷ ቤት አልመጣችም። ሳይገባት ቀርቶ አይደለም፤ ገብቷት ነው የተቆጣችው። መምህር ክንዴም ይቅርታ አልጠየቋትም፤ ሐሙሲት በሄዱ ቁጥር ግን ከደጃፏ ቆመው ይመለሱ ነበር። በመጨረሻ በሩን የከፈተችው ራሷ ናት።

መምህር ክንዴ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተው በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። መራመድ በማይችሉበት ቀን ሁሉ አዝሎ መኪና ላይ ያወጣቸው የነበረው የኔነህ ነው።

ባለቤታቸውን ወ/ሮ ጥሩብርሃንን፣ ልጆቻቸውን ምኞትንና ሰብለወንጌልን፣ የወንድማቸውን ልጅ አያልነህን፣ ከርብ ማዶም አቶ ባየህን፣ ፈድሉንና እማሆይ አሰፋሽን ተለይተዋል።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍሁት ልጃቸው ሰብለወንጌል ነኝ። አንድ ስም አስቀርቼ ነበር። የኔነህን ከወዳጅ ልጽፈው ወይስ ከጎረቤት ሳወጣ ሳወርድ አደርሁ። አባቴ ቢያዩኝ ግማሽ ማርክ ይሰጡኝ ነበር። እንግዲህ ይጻፍ፦ ወንድሜን የኔነህንም ተለይተውታል።

አምላከ አበው ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ፣ ከሣራ፣ ከርብቃና ከራሔልም ጋር ይቁጠርልን። አሜን።