ነጠላዬና የበረንዳው ጠርሙስ

ለባለቤቴ ለሰለሞን፣

ከተለየኸን ነገ አንድ ዓመት ይሞላል። ሳውዝ ሲ ሰፈር ያለችው ቤታችን እንዳለች ናት። ማታቱ ታክሲ ውስጥ ቀበቶ ማሰር ግዴታ ሆኗል፤ ልጃችን ሜላት በቁመት እኔን አልፋለች። በናፍቆት ልጀምርልህ አስቤ ነበር፤ ግን ዛሬ ተናድጄብሃለሁ።

አንተና ዝገትህ። ሳምንቱን ሙሉ አውሮፕላን ስትጠግን ከዝገት ጋር ስትታገል ከርመህ፣ ቅዳሜ ደግሞ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦዬን ወስደህ በየጠርሙሱ አቼቶ ውስጥ ትዘፈዝፍ ነበር። ልጅህም ያንተው ልጅ ናት። ለትምህርት ቤት የሳይንስ ሥራ ብላ ደብተርህን አወጣች፤ ያው አቼቶ፣ ያው ሽቦ፣ ያው በረንዳ።

ነገ ጥቁሬን አውልቄ ቤተ ክርስቲያን የምለብሰውን ነጭ ነጠላ አጥቤ በረንዳው ላይ አስጥቼ ነበር። ጠዋት ሳነሳው ጫፉ የሜላትን ጠርሙስ ጎትቶ ደፋብኝ። የፈሰሰው ውሃ ነው የሚመስለው፣ ትንሽ አረንጓዴ ብጤ። ይጽዳልኝ ብዬ በረኪና አፈሰስኩበት። ሽታው እያሳለኝ፣ ዓይኔ እያየ ነጠላው የዛገ ቆርቆሮ መሰለ። ሜላት እየሮጠች መጥታ "ማሚ፣ ኦክሲዴሽን እኮ ነው፣ ውሃው ውስጥ ያለው ብረት ዛገ፣ እንዳትነኪው" አለችኝ። እኔ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ፣ እሷ ሰዓቷን እያየች ትመዘግባለች።

እውነቱን ልንገርህ፤ ከንዴቴ ሥር ደስ ብሎኝ ነበር። ነጠላዬ ተበላሸ፣ እንግዲህ በጥቁሩ ልቆይ፣ ማን ምን ይለኛል አልኩ። ጥቁሩን ሳወልቅ አንተም አብረህ የምትሄድብኝ ይመስለኛል።

ከዚያ ትዝ አለኝ። የዛገ ሸሚዝህን ላጥብ በረኪና ባነሳሁ ቁጥር እጄን ትይዘኝ ነበር። በረኪና ጭራሽ ያዝገዋል፣ ሎሚ ነው የሚያስለቅቀው እያልክ። አሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን ሰምቼህ አላውቅም። ዛሬ ነጠላውን በውሃ ደጋግሜ አለቅልቄ፣ በሎሚና በጨው አሸሁት። ምናለ ባይለቅ እያልኩ ሳሸው ሙልጭ ብሎ ለቀቀ። ሞተህም ልክ ነህ፤ ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

እንግዲህ ነገ ነጩን እለብሳለሁ። ጠርሙሶችህን አልጥልም፤ ከልብስ ማስጫው ብቻ አርቄያቸዋለሁ። ሎሚውንም ከእንግዲህ አልረሳም። አንተን ለመርሳት ደግሞ መቼ ፋታ ሰጠኸኝ።

እልከኛዋ ሚስትህ፣
አልማዝ