ጠንቋዩን ስውር ያልኩበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 19

ዛሬም ተረቱን አላቆምኩም። ላቆም ቆርጬ ነበር። እራት እንደበላን ሁለቱም ዞረው "እትዬ ስንዱ፣ ከዚያስ?" ሲሉኝ አፌ በራሱ ተከፈተ።

መጽሐፉ ካለቀ ሰነበተ። አለቀ ማለትም አይደለም፤ የኋላው ተገንጥሎ የመጣ ነው። የሺ ናት ከጓደኛዋ ተውሳ ያመጣችው። አንዲት የወፍጮ ቤት ልጅ የጠንቋዮችን መንደር ታገኛለች፣ ድንጋይ ማናገር ትማራለች፣ ከዚያ ወረቀቱ የለም። ሁለቱ ተከራዮቼ ሊያለቅሱ ደረሱ። የሺ የኒሯቅ ልጅ ናት፣ ትልቋ፣ ምላሷ የማያርፍ። ትብለጥ ከፃግብጂ ናት፣ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል የገባች፣ የቄስ ልጅ። ስንቃቸውን በከረጢት እያመጡ ከጓዳዬ ጎን ባለችው ክፍል ይኖራሉ።

አዘንኩላቸውና ቀሪውን ከራሴ ቀጠልኩ። የወፍጮ ቤቷን ልጅ ወደ ዋግ አመጣኋት። ገደሉን የእኛን ቀይ ገደል አደረግኩት። አንድ ነገር ደግሞ ቀየርኩ። ጠንቋይ፣ ጠንቋይ እየተባለ በቤቴ መጠራቱ አልተስማማኝም፤ የቄስ ልጅ ቁጭ ብላ እየሰማች ነውር ነው። ስለዚህ ጠንቋዮቹን ስውራን አልኳቸው። በየዱሩ፣ በየዋሻው ለዓይን ሳይታዩ የሚኖሩ ቅዱሳን እንዳሉ ማን የማያውቅ አለ? ኃጢአቱም የቀለለኝ መሰለኝ።

የሺ "እትዬ፣ እርስዎ እኮ ቴሌቪዥን ላይ ቢወጡ አገሩ ሥራ ይፈታል" አለችኝ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "አንቺ ፊደል ብትቆጥሪ ጤፉ ይበረክትልናል?" ይለኝ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ነው ተከራይ ልጆች ሲያጠኑ ከኋላቸው ቆሜ ማንበብ የለመድኩት። አሁን ቢያየኝ ምን ይል ነበር?

ትብለጥ አትስቅም። ከሰሞኑ ጉልበቷን አቅፋ አፌን አፌን ታያለች። አልወደድኩትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 20

ምስር ስለቅም ትብለጥ አጠገቤ ቁጭ አለች።

"እትዬ፣ ስውራን የጠፋ ሰው ያለበትን ያውቃሉ?"

"በተረቱ ነው?"

"አዎ።"

"ያውቃሉ።"

"ምን ይበላሉ?"

"ማር" አልኳት። ዓይኔ ምስሩ ላይ ነበር፣ ልቤም እዚያው። እንዲሁ የመጣልኝን ነው የመለስኩት።

የገባኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ወንድሟ ኪሮስ በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ድምፁም የለ፣ አየሁት ያለ ሰውም የለ። አባቷ "ደህና ነው፣ አንድ ቀን ይመጣል" ይሏታል። ጎረቤቱ እንደዚያው ይላታል። እኔም ብያታለሁ፣ እየደጋገምኩ።

ማታ ተረቱን በአጭር ቀጨሁት። የወፍጮ ቤቷ ልጅ ብቻዋን፣ ለማንም ሳትናገር ቀይ ገደል ደረሰች፤ ዳቦዋን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች፤ በቃ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ደከመኝ።"

"ስውሩ ዳቦውን ካነሳው ቅርብ ነው ማለት ነው፣ አይደል?" አለች ትብለጥ።

"ተኙ አሁን።"

እኔ ተረት ማውራት አልነበረብኝም። ይህን ሰው አያውቀውም። በረሃቡ ዓመት እህል ይታደላል ወደተባለበት ስንሄድ ታናሽ ወንድሜ ሞላ መራመድ አቃተው። ከዚያ ጋራ ማዶ ንፍሮ ጥዳ የምትጠብቀን ሴትዮ አለች አልኩት። ጋራውን ወጣን። የለችም። ከሚቀጥለው ማዶ ናት አልኩት። አመነኝ። ልረፍ እንኳ አላለም፣ ንፍሮው ይበርዳል ብሎ ይቸኩል ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ቁጭ አለ፣ አልተነሳም። እናቴ ልጄን ረሃብ ገደለው ብላ አለቀሰች። እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ከአፌ ተረት ወጥቶ አያውቅም ነበር፣ እስከዚህ መኸር።

ነገ እነግራታለሁ። ተረት ነው፣ ሁሉንም እኔ ነኝ የፈጠርኩት እላታለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 21

ትብለጥ የለችም።

ማርያም ናትና በጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው ሊሳለሙ ወጡ። የሺ ደብተሯን ልትወስድ ብቻዋን ተመለሰች። "ትብለጥ ቀድማኝ አልመጣችም?" አለች። ትምህርት ቤት ይሆናል አልን። በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤትም የለችም ተባለ። ጓደኞቿ ዘንድ የለችም። መናኸሪያ ያያት የለም። መሶቡን ከፈትኩ። ዳቦው ተቆርሷል።

የሰው ያለህ ብዬ ጮኽኩ።

የሰፈሩ ሚሊሻ አያሌው መጣ። አብሮ አደጌ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሟል።

"ከማን ተጣልታ ነው?"

"ከማንም።"

"ባል ሊሰጧት ነበር?"

"ኧረ አይደለም።"

"ታዲያ ልጅቷ ምን ሆና ነው የጠፋችው?"

ዝም ማለት እችልበታለሁ። ዕድሜ ልኬን የሠራሁበት ነው። ዛሬ ግን ተናገርኩ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ተረት አውርቻት ነው አልኩ። አንዷ ጎረቤቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

አያሌው ግን አልሳቀም። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። "እሺ፣ ተረቱን ንገሪኝ። በተረቱ ልጅቷ ወዴት ሄደች?"

ጀመርኩለት። ስዘል የሺ ታርመኛለች፤ "አይደለም እትዬ፣ መጀመሪያ ጅረቱን ነው የተሻገረችው።" አያሌው "አሳጥሩት፣ ፀሐይዋ እየሄደች ነው" ይላል። ወዲያው ደግሞ "ጠንቋዩ የት ነው የሚያገኛት?" ብሎ ይጠይቃል።

"ጠንቋይ አይደለም። ስውር ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ስውር አልሻት? ለቄስ ልጅ?"

"ለኃጢአቱ ብዬ።"

"አይ ስንዱ። ጠንቋይ ብትያት ኖሮ እኮ አማትባ ትተኛ ነበር። ቀይ ገደል ላይ ስውር አለ ካልሽማ እኔም እሄዳለሁ።"

ቀይ ገደል ደረስን። ድንጋዩ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አለ፣ ጉንዳን ወርሮታል። እሷ የለችም። ጮኽን። የመለሰልን ገደሉ ብቻ ነው። ሲመሽ እኔንና የሺን በግድ መለሱን፤ ወንዶቹ ቀሩ።

ለአባቷ ተደውሏል። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ሰውዬው "ማን? ማን ጠፋች?" ይላሉ።

ዳቦውን ዝንጀሮ ነው የበላው ትላለች የሺ። እኔም እንደዚያ አስባለሁ። ትብለጥ ግን ምን ብላ ይሆን ያሰበችው?

ዓርብ፣ ኅዳር 22

ተገኘች። ተገኘች። ተገኘች።

አሁን በሥርዓቱ ልጻፈው። በጠዋት ቁጭ ብዬ፣ እኔ ብሆን ተረቱን ምን ብዬ እቀጥለው ነበር እያልኩ ሳስብ፣ "ምን ይበላሉ?" ያለችኝ ትዝ አለኝ። ዳቦው ተነስቷል፤ ስለዚህ ስውሩ ቅርብ ነው። ስውሩ ማር ይበላል። ልጅቷ ንቧን አይታ ትከተላታለች። ገደሉ ሥር ወዳደረው አያሌው ሮጥኩ፣ በዚህ ጉልበት ሩጫ ከተባለ።

"ከገደሉ በላይ ቀፎ ያለው ማን ነው?"

"አያ ገብሬ ናቸው እንጂ ማን አለ።"

እኛ ሽቅብ፣ እነሱ ቁልቁል፣ መንገድ ላይ ተገናኘን። እሷ ከፊት፣ ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው ከኋላ። ነጠላዋ አፈር መስሏል፣ አንድ ዓይኗ በንብ ተነድፎ ተደፍኗል። ልምታት ልሳማት ሳልለይ ይዣት መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

አያ ገብሬ ቤታቸው በአገውኛ ነው የሚያወሩት፤ አማርኛቸው ቁጥብ ነው። "ልጅሽ ናት?" አሉኝ።

"ተከራዬ ናት፣ አያ።"

"ቀፎዬ ሥር ተንበርክካ አገኘኋት። የምትሰግደው ለንቦቹ ይሁን ለእኔ ግራ ገባኝ። ንቦቹም ግራ ገብቷቸው ነው የነደፏት።"

አያሌው ጠመንጃውን ተደግፎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ፣ ዕንባዬ እየወረደ። ሊመሽ ሲል ስላገኟት ጅቡን ፈርተው ነው እቤታቸው ያሳደሯት። ባለቤታቸው እግሯን አጥበው፣ ቂጣ በማር አብልተው አስተኝተዋታል።

ከሰዓት አባቷ ቄስ ወልዴ ደረሱ፣ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በአይሱዙ። መስቀል አሳለሙኝ። ውሃ ስሰጣቸው አልነኩትም።

"እርስዎን አምኜ ነው ልጄን እዚህ የተውኳት" አሉኝ።

"አውቃለሁ፣ አባ።"

"ስውራን የልጅ መጫወቻ ይደረጋሉ?"

ያልነኩትን ውሃ ሳነሳ ቀጠሉ።

"ሰኞ ይዣት እገባለሁ። ትምህርቱ ይቅርባት።"

ትብለጥ ሰምታለች። ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ በደህናው ዓይኗ አየችኝ። ለእራት ያልኩት ወጥ አረረ። እንዳረረ በልተን ተነሳን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 23

ቄስ ወልዴ ጠዋት ግቢው ውስጥ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ትብለጥን ጠሯት። እኔ ልብስ አጥባለሁ፤ ልነሳም አልቻልኩ።

"ሰው ሳታማክሪ ዱር የወጣሽው ምን ፈልገሽ ነው?"

"ስለ ኪሮስ ልጠይቅ።"

"ማንን?"

"ስውሩን። አያ ገብሬን ሳይ እሳቸው መስለውኝ ጠየቅኳቸው።"

"ምን አሉሽ?"

"አላውቅም አሉኝ።"

ቄስ ወልዴ እጃቸውን አወናጨፉ። "እና? ከየት ያውቃሉ? ንብ የሚያረቡ ሰው ናቸው!"

"አባዬ" አለች። ድምፅዋን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። "ሁሉም ሰው ኪሮስ ደህና ነው ይለኛል። እርስዎም፣ እማዬም፣ እትዬም። በምን አወቃችሁ ስል ሌላ ወሬ ታመጣላችሁ። አያ ገብሬ ግን ንቡን የሚያጨሱበትን አስቀምጠው፣ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ልጄ አላውቅም አሉኝ። ከዚያ ቤታቸው ገብቼ ተኛሁ። እሱ ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።"

መቁጠሪያው ቆመ። እኔም የያዝኩትን ልብስ ሳልጨምቅ ቀረሁ።

"እኔም አላውቅም" አሉ ቄስ ወልዴ። የቅዳሴ ድምፃቸው አልነበረም፣ የሌላ ሰው የሚመስል ቀጭን ድምፅ ነው። "ደህና ነው ብሎ የነገረኝ የለም። ለእናትሽ ብዬ ጀመርኩት፣ ከዚያ መተው አቃተኝ።"

ትብለጥ ሄዳ ራሷን ጉልበታቸው ላይ አደረገች። ጥምጥማቸው ወደ ፊት እስኪያዘነብል ድረስ አጎንብሰው አለቀሱ።

ጓዳ ገባሁ። ሞላን አሰብኩት። ማዶ ማንም የለም ብዬው ቢሆን ቁጭ ይል ነበር። እኔም አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ላይተርፍ ይችል ነበር፣ እሱን አላውቅም። አብሬው እቀመጥ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 24

ቄስ ወልዴ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ከረጢታቸውን አነሱ። ብቻቸውን። እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

"ትቆይ" አሉኝ። "እናቷንም ዛሬ እነግራታለሁ። እንዴት እንደምነግራት ነው እንጂ..." አልጨረሱትም። ጥቂት ሄደው ተመለሱ። "ተረት ሲያወሩ፣ ተረት ነው ብለው ይጀምሩ።"

"እሺ፣ አባ።"

የሺ ከኋላዬ አንገቷን አወጣች። "መጨረሻውስ አባ? እትዬ አቁመውብናል እኮ!"

ይቆጧታል ብዬ ፈራሁ። መንገዱን አይተው፣ አሰብ አድርገው "ልጅቷ ቤቷ ትግባ" አሉ። ከዚያ ሄዱ።

ሰኞ፣ ኅዳር 25

ጠዋት አብረው ወጡ። ትብለጥ ያበጠው ዓይኗ እንዳይታይ ነጠላዋን ወደ ፊት ሳበችው። የሺ "ማን መታሽ ካሉሽ፣ ስውሩ በቡጢ ነው በያቸው" አለቻት። ትብለጥ ሳቀች። አጭር ሳቅ ናት፣ ግን ሳቅ ናት።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አልያዘልኝም። መጽሐፍ አነሳሁ፣ አንዱን መስመር ደጋግሜ አንብቤ አስቀመጥኩት። ሽሮ ላበጥር ብዬ ወንፊቱን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ዩኒፎርም የለበሰች ሁሉ እሷን ትመስለኛለች። ጎረቤቴ "ዛሬ ደግሞ ምን ተረት አለ?" ብላ ነካካችኝ። ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም።

ኪሮስ አልተገኘም። ልጅቷም መፈለጓን አልተወችም፤ ዓይኗ ላይ አየዋለሁ። እንደገና ትወጣ ይሆን? ብትወጣ ትነግረኝ ይሆን? ትላንት ማታ ጠየቅኳት። "እነግርዎታለሁ" አለችኝ። ማመን አለብኝ። ማመን ደግሞ እንዴት ያደክማል።

ትምህርት ቤቱ የሚለቀቅበት ሰዓት አልፏል። ትንሽ ነው ያለፈው። ከጓደኞቿ ጋር ወሬ ይዛ ይሆናል። ወይም...

በሩ ተመታ። በእግር ነው፣ ደብተር ያቀፈ ሰው እንደሚመታው። የሺ እንደ ሰው በእጇ ታንኳኳለች።

ሄጄ ልክፈትላት።