ክዳኑን ማን አነሳው

ሰኞ፣ ነሐሴ 3። ጠዋት 2፡10፣ ቢሮ

ሻዩ ቀዝቅዟል። ከመካኒሳ እስከ ላፍቶ ታክሲው አርባ ደቂቃ ፈጀ። ጫማዬ ጭቃ በጭቃ። የዱቄት መረከቢያውን ግማሽ ሞልቻለሁ። ሥ/አስኪያጃችን አቶ ዳኜ ገና አልገቡም። ከታች የሊጥ ማቡኪያው እንደ ልማዱ ይጮኻል፤ ከዳቦው ሽታ ጋር ለምጄዋለሁ

ቆመ። በዚህ ሰዓት አይቆምም። ሰው ነው የሚጮኸው።

እዚያው ቀን፣ 9፡00

ጽሕፈቴ ቢበላሽ አትቀየሚኝ፣ ደብተሬ።

ዘይነባ ነች። የሊጥ ክፍሏ ዘይነባ፣ ጠዋት ጠዋት «ጸሐፊዋ፣ ዛሬስ ማንን ጻፍሽ?» እያለች የምታሾፍብኝ። ማቡኪያው ቀኝ እጇን ያዘው። ሦስት ጣት። መካኒኩ ጋሽ ሙሉጌታ ሮጠው አጠፉት። ሊጡ... ስለ ሊጡ አልጽፍም።

የብረት ክዳኑ ቦታው ላይ ቢሆን ኖሮ ገና ሲከፈት ማሽኑ በራሱ ይቆም ነበር። ክዳኑ ግን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ዱቄት ለብሷል። አንድ ወር አልፎታል እዚያ ከቆመ። በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 4

የአደጋ ሪፖርት ጻፊ ተባልኩ። አንድ ገጽ ጻፍኩ፦ ማን ክዳኑን እንዳስነሳ፣ ማን እንደነቀለው፣ ማን እንደተጎዳ። አቶ ዳኜ አስጠሩኝ። አልተቆጡም። ሪፖርት ሰው አይጠራም አሉ። ተወሰነ፣ ታዘዘ፣ ታመነበት ይባላል፤ ስም ያጣላል።

ሦስት ዓመት የሰማሁት ትምህርት ነው። ስቀጠር ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አማካሪዬ መመረቂያ ጽሑፌን በቀይ እስክሪብቶ «ማን?» «ማን አደረገው?» እያለ ሞልቶት ነበር። አለቀስኩበት፣ ከዚያ ገባኝ። እዚህ በሁለት ሳምንት ረሳሁት። እንዲያውም ጎበዝ ነሽ ተባልኩ። ከእኔ ቃ/ጉባኤ ላይ ጠብ የሚያነሳ ስም አይገኝም።

አላስተካክልም ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 6። ምሳ ሰዓት

አላምንም። አራት ጊዜ አነበብኩት።

ሪፖርቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ከግርጌው «አዘጋጅ» ይልና የእኔ ስም፣ እስከ አያቴ። ከውስጡ አንድም ዓረፍተ ነገር የእኔ አይደለም። ክዳኑ «ተነስቷል»። አደጋው «ደርሷል»። ሁሉም ነገር በራሱ ሆኗል፣ እንደ ዝናብ። በገጹ ላይ አንድ ነገር ያደረገ ሰው አንድ ብቻ አለ፦ ዘይነባ። እሷ «ጥንቃቄ አጓደለች»። እሷ «መመሪያ ጣሰች»። የምትሰናበተውም እሷ ነች። የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ሰኞ ይመጣል፤ ይህን ወረቀት ተቀብሎ ከፈረመ አበቃላት።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ። ስሜን ከወረቀቱ ላይ ያንሱልኝ አልኳቸው። አቶ ዳኜ የቃ/ጉባኤውን መዝገብ ከመሳቢያ አወጡ። ገጹን አስቀድመው ምልክት አድርገውበታል። ሰኔ 17። «የማቡኪያው ክዳን ሥራ የሚያጓትት ሆኖ ስለተገኘ ለጊዜው እንዲነሳ ተወስኗል።»

የእጅ ጽሑፌ ነው። የሚያምረው የእጅ ጽሑፌ።

«የኔ ስም የት ላይ አለ፣ የኔ ልጅ? እስቲ አሳዪኝ።»

የለም። ለካ ሁሌም «ታይቷል» ብለው ነው የሚፈርሙት። ወሰንኩ ብለው አያውቁም። በሙሉ ስሙ ያለው አንድ ሰው ነው፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ እኔ። በስብሰባው የነበሩት ሁሉ አላስታውስም አሉ። ጋሽ ሙሉጌታ ወለል ወለሉን እያዩ አራት ልጅ አለኝ አሉ። ያልጠየቅኳቸውን መለሱልኝ።

እኔ ነኝ የደበቅኳቸው። በንጹሕ ዐማርኛ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 8። ከሰዓት

ለቡ መብራት ኃይል፣ ዘይነባ ቤት። ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ቀኝ እጇ ለተጎዳ ሰው የሚላጥ ነገር። ደረጃው ላይ ነው የገባኝ፤ ልመልሰው ወይስ ልጥለው ጨነቀኝ። እሷ አይታ ሳቀች። አንቺ ትልጫለሻ፣ ጸሐፊ ሥራዋ ምንድነው አለች። ላጥኩላት።

ከዚያ ቀልዷን አመጣችው፣ ግን አልሳቀችም።

«ጸሐፊዋ። እኔን ነው አሉ የጻፍሽው።»

እኔ አይደለሁም አልኩ። ስምሽ አለበት አለች። የሰኔውንም ነገርኳት፤ እሱ የእኔ ነው አልኩ። በፋሻ የተጠቀለለ እጇን አየች። ክዳኑን እኮ ጠይቄ ነበር አለች፤ የት ሄደ ብዬ። ተነስቷል አሉኝ። ማን አነሳው ስል ተነስቷል።

እሑድ፣ ነሐሴ 9። ረፋድ

እናቴ ቤተ ክርስቲያን ናት። አንቺን፣ ደብተሬ፣ ወደ ኋላ አገላብጥሻለሁ። የሰኔ ወር ምን ይሰማኝ እንደነበር ለማየት ብቻ። አገኘሁት፦

«ሰኔ 17። ስብሰባ፣ ረጅም። አዲሱ ትዕዛዝ ስለበዛ አቶ ዳኜ የማቡኪያውን ክዳን ንቀሉት፣ ክዳኑ ሲከፈት የሚያቆመውን ማጥፊያም በሽቦ እሰሩት አሉ። ጋሽ ሙሉጌታ እጅ ይበላል፣ ጌታዬ አሉ። አቶ ዳኜ፣ እጅ ቢበላ ይሻላል፣ ደንበኛ ዳቦ ሳይበላ ከሚቀር ብለው ሳቁ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ዝናብ። ጃንጥላዬን ረሳሁ።»

ሁሉም ሰው አለ። ከነአፉ፣ ከነእጁ። በዚያው ቀን፣ በዚያው እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ለእነሱ ያለ ሰው፣ ለአንቺ ከነሰው። ማንም አያየኝም ስል መጻፍ እችላለሁ ማለት ነው።

እኔም ሳቅኩ። ይህን ረስቼው ነበር። እውነት ረስቼው ነበር።

11፡30

ገጹን ቀድጄ ለተቆጣጣሪው ብሰጠውስ? የተቀደደ ገጽ ማንም ትናንት ሊጽፈው ይችላል። ከፊት ሐምሌ፣ ከኋላ ግንቦት ካልከበበው ማን ያምነዋል። ሙሉሽን መስጠት ነው ያለው። ግን ውስጥሽ ስለ እናቴ የጻፍኩት አለ። ስለዚያ ስለወደድኩት ሰው የጻፍኩት አለ፣ ሠላሳ ገጽ። ጋሽ ሙሉጌታን ፈሪ ያልኩበት አለ። ሳቄ አለ።

ሁለት ጊዜ ምድጃው አጠገብ ይዤሽ ቆምኩ። ሁለተኛው ላይ እናቴ ምን ልታቃጥዪ ነው አለች። ምንም አልኩ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 10። ጠዋት 1፡20

አልቀድም። ምንም ገጽ አልሸፍንም። ተቆጣጣሪው 3፡00 ላይ ይገባል፤ በር ላይ እጠብቀዋለሁ፣ አቶ ዳኜ ቡና ጋብዘው ሳያስቀምጡት። ሥራዬን ላጣ እችላለሁ። እናቴም ታነበው ይሆናል።

ይህን የሚያነቡት ሰው፣ ስምዎን ገና አላወቅኩም። እስከ ዛሬ ለደብተሬ ነበር የምጽፈው፤ ይህቺ ለእርስዎ ናት። ሰኔ 17ን ያንብቡ። ሰሌዳው ላይ ያለውን እኔ አልጻፍኩትም። የመዝገቡን ግን እኔ ጻፍኩት። የሆነው እንዲህ ነው፦

አቶ ዳኜ አዘዙ። ጋሽ ሙሉጌታ አስጠነቀቁ፣ ከዚያም ነቀሉት። እኔ ሳቅኩ፣ ጻፍኩ፣ ስማቸውን አስቀረሁ። ዘይነባ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም።