ከሐይቁ ዳር የላክኸው ጨው

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ይሄነው፣ አፍዴራ፤

ከዚያ ነጭ ውሃ ዳር ያለኸው ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? ሐሩሩስ እንዴት አደረገህ? ጨው ያቃጠለው ዓይንህ ተሻለህ ወይ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ አንተን መዋሸት ግን አልችልበትም።

ከሰኔ ወዲህ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ ይበርደኛል። ምስር ስለቅም ዓይኔ ክድን ይልና ያለህበትን ሐይቅ አያለሁ፤ እስከ ጉልበትህ ገብተህ ትጠራኛለህ፣ እኔ ድምፄ ጎርንኖ አልወጣ ይለኛል። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝና የእርግዝና ነው ብዬ ተውኩት። እንቅርቴ ግን አደገ። እምዬ በልጅነቴ እንዲጠፋልኝ ብላ ያስነቀሰችኝ ንቅሳት ተለጥጦ ሰፋ። ባሌ ብዙአየሁ፣ አንገትሽ ጌጥ አበዛ እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ አሁን ትቶታል።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ሲስተር ሰብሌ አንገቴን ዳሰሰችና ምን ጨው ነው የምትበሉት አለችኝ። እኔም ኮራ ብዬ፣ የሱቅ ጨው ቤታችን ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ወንድሜ በገዛ እጁ የዛቀውን በጆንያ ይልክልናል አልኳት። ለካ በቀጥታ ከሐይቁ የመጣ ጨው አዮዲን አልተጨመረበትም፤ የእኛ ደጋ አፈርም አዮዲን የለውም። አንገት የሚያሳብጠው፣ ሰው የሚያደክመው እሱን ማጣት ነው፤ የሆድ ልጅም ሲያጣው አእምሮው ሊጎዳ ይችላል አለችኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። መካነ ሰላም ሆስፒታል ደሜ ታይቶ በየጠዋቱ የምውጠው ክኒን ተሰጠኝ። ልጁ ተጎድቶ እንደሆነ ግን አሁን የሚነግረኝ የለም። ፈርቻለሁ፣ ወንድሜ።

አንተን የሚወቅስህ የለም፤ እኛም አንተም አላወቅንም። የከበዳት እምዬን ነው። የልጄን ላብ ጥዬ የማንን ልብላ ብላ ሦስት ቀን ያለ ጨው በላች። በአራተኛው ቀን ጆንያውን ራሷ ጎትታ ለከብቶቹ ድንጋይ ላይ በተነችው። ዳለቻ ላማችን እስካሁን ድንጋዩን ትልሳለች። እምዬ አንድ ጭብጥ ብቻ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አስቀርታለች፤ ያየኋት አልመሰላትም።

ትናንት ደጃፍ ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ ሐይቁን ደግሞ አየሁት። ልጁ ሆዴ ውስጥ ተገላበጠ፤ ድምፄም ወጣልኝ። ስጠራህ ዞር አልክ።

አባባ አወቀ እግዜር ይጠብቅህ ይላል። ብዙአየሁ እጅ ይነሳሃል። እምዬ ግን ሰላምታ አልክም አለች፤ ጨዉን ትቻለሁ፣ እሱን ግን አልተውም፣ ለክርስትናው ራሱ ይምጣ በይልኝ ብላለች።

እህትህ አልታየች
መካነ ሰላም አጠገብ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.